ፊደልና ቁቤ በአንድ ስክሪን፦ የነጻ ጽሕፈት ሶፍትዌር ታሪክ ከኢተያ ሲታይ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኘው ኢተያ፣ የአርሲ ዞን የሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ስሟ የሚነሣው በስንዴ እንጂ በኮምፒውተር ታሪክ አይደለም። ይሁንና የኢትዮጵያ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር የገባበትን ሂደት ለሚመረምር ሰው ኢተያንና አሰላን የመሰሉ ከተሞች ከአዲስ አበባ ይልቅ የጠራ ማሳያ ይሰጣሉ። በእነዚህ ከተሞች ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተው የአፋን ኦሮሞ ቁቤና የግዕዙ ፊደል በአንድ ጎዳና፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ኪቦርድ ላይ ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ኖሯል። ሁለቱ በማሽኑ ላይ የገጠማቸው ዕጣ ግን አንድ አልነበረም፤ አንደኛው ማንኛውም ኮምፒውተር ይዞት በሚመጣው እጅግ ተራ ፕሮግራም ሊጻፍ ሲችል፣ ሌላው ረዘም ላለ ጊዜ ያለ ልዩ ፎንትና ያለ ልዩ ፕሮግራም አልጻፍ ብሎ ቆይቷል። ጽሑፍንና ድረ ገጽን ለማዘጋጀት የትኛው ሶፍትዌር ይመረጥ የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር የዋጋ ወይም የምቾት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የቀረውም ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው።

ችግሩ ከኮምፒውተር በፊት የተወለደ ነው። የግዕዝ ፊደል በብረት ፊደላት ታትሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፣ በማተሚያ ቤት ሣጥን ውስጥ የፊደላቱ ብዛት ሥራን ቢያበዛም ሥራን አልከለከለም። የጽሕፈት መኪና ግን የቁልፎቹ ቁጥር ውሱን ነው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች የደከሙበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መፍትሔ ያገኘው የፊደሉን አካል ለብቻ፣ ካዕብንና ሣልስን የሚለዩትን ቅጥያዎች ለብቻ አስቀምጦ በመደራረብ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ከመኪናው የሚወጣው ጽሑፍ የሚነበብ ቢሆንም ለዓይን የተሟላ ቅርጽ አልነበረውም። ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ሲቋቋም፣ ኢተያም በጭላሎ አውራጃ ውስጥ ስለነበረች፣ ለአካባቢው የመጣው አዲሱ የቢሮ ሥራ የጽሕፈት መኪና ሥራ ነበር። ፕሮጀክቱ ስለ ስንዴ ዝርያ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ወተት ላም በተከታታይ ቁጥር ያወጣቸው ጥናቶች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የምርምሩ ቋንቋ በላቲን ፊደል መኪና፣ የአስተዳደሩ ቋንቋ በአማርኛ መኪና የሚጻፍበት ይህ ክፍፍል ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ በሌላ መልክ ተመልሷል።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። አስኪ የተባለው የአሜሪካ የቁጥር ሠንጠረዥ 128 ቦታዎች ብቻ የነበሩት ሲሆን፣ እነርሱም ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለአኃዞች፣ ለሥርዓተ ነጥቦችና ለማሽኑ የውስጥ ትእዛዞች የተከፋፈሉ ነበሩ። አንዱ ፊደል በአንድ ባይት፣ ማለትም በስምንት ቢት፣ ሲቀመጥ ሊገኙ የሚችሉት የተለያዩ ቁጥሮች 256 ብቻ ናቸው፤ የአማርኛው ሠላሳ ሦስት የፊደል ቤት በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፣ በዚያ ላይ እነ ቋና ሏ፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ሁለት አማራጭ ነበራቸው፦ ወይ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች መከፋፈል፣ ወይም እንደ ጽሕፈት መኪናው አካልንና ቅጥያን መደራረብ። በሁለቱም መንገድ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም የምልክት ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር በስክሪን ላይ «ለ» መስሎ የሚታየው ፎንቱ የእንግሊዝኛውን ቅርጽ አንሥቶ የአማርኛውን ስለሚተካበት ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያው ፋይል ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ይሆናል።

ከዚህ ዘዴ የተወለዱት የንግድ ፕሮግራሞች፣ ከእነርሱም መካከል ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ፣ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ጀምረው በመላ አገሪቱ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የዕለት መሣሪያ ሆኑ። ማመልከቻ፣ የውል ወረቀት፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የፈተና ወረቀት በእነርሱ ተጽፏል፤ ውለታቸው በቀላሉ የሚታይ አይደለም፣ ትችት የሚሰነዝሩባቸውም ብዙውን ጊዜ ያን ዘመን ሳይጽፉበት ያለፉ ናቸው። ፕሮግራሞቹ ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚሄዱት በአብዛኛው በቅጂ፣ በፍሎፒ፣ በሲዲና በኋላም በፍላሽ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ ካደረገ በኋላም የዘርፉ ልማድ ቶሎ አልተለወጠም። ገንዘብ ሳይከፈል የሚገለበጥ ሶፍትዌር በሞላበት አገር ዋጋ የሌለው መሆኑ ብቻ ለአንድ ፕሮግራም መመረጥ ምክንያት ሊሆነው አይችልም፤ ነጻ ሶፍትዌር በኢትዮጵያ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ደንበኛ ያጣበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው።

ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ተጠቃሚው እንዲሠራበት፣ የውስጥ ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና ለሌላ እንዲያካፍል ፈቃዱ አስቀድሞ የተሰጠው ፕሮግራም ነው፤ ይህን አስተሳሰብ በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ በተባለው ፕሮጀክት የጀመረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ሲሆን፣ ከፕሮጀክቱ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ኢማክስ የተባለው ቴክስት ኤዲተር ነው። ቴክስት ኤዲተር ጥሬ ጽሑፍን ብቻ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው፤ ጥሬ ጽሑፍ ማለትም የፎንት ዓይነት፣ የመጠን፣ የቀለምና የኅዳግ መረጃ ያልተቀላቀለበት፣ የፊደላት ቁጥር በተርታ የተደረደረበት ፋይል ማለት ነው። አማርኛ በፎንት ላይ በተመሠረተበት ዘመን ጥሬ የአማርኛ ጽሑፍ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም ነበር፤ ፎንቱ ሲነሣ ቋንቋውም አብሮ ይጠፋል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው መውጫ የፈለጉት ከዚሁ አጣብቂኝ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሴራ የተባለው ሥርዓት፣ ፊደልን በአስኪ የላቲን ፊደላት የሚወክል ስምምነት ነበር፦ ትንሹ የላቲን «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቁ ለ«ጠ» ይቆማል፣ ተከታዩ አናባቢ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ዘዴው ለዓይን የማይስብ ቢሆንም አንድ ትልቅ ብልኃት ነበረው፤ ከፊደል ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ፊደል ሲመላለስ «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ» አያምታታም፣ በማንኛውም የኢሜይል መሥመርም ሳይበላሽ ያልፋል።

ለአማርኛ ጥሬ ጽሑፍ ቀደምት መኖሪያ ከሆኑት ነጻ ኤዲተሮች አንዱ የተሰናዳው በጃፓን መሆኑ ከዚህ ታሪክ አስደናቂ ክፍሎች አንዱ ነው። በጹኩባ ከተማ ባለው የመንግሥት የኤሌክትሮቴክኒክ ቤተ ሙከራ ኬንኢቺ ሃንዳና ባልደረቦቹ ኢማክስን የብዙ ቋንቋዎች ኤዲተር ለማድረግ ሚዩል የተባለውን ቅጥያ ሲሠሩ፣ ናኦቶ ታካሃሺ የኢትዮጵያን ፊደል ጨመረበት። ጃፓኖች በሺዎች ለሚቆጠሩ ምልክቶች ከአንድ ባይት በላይ መጠቀም ግድ ስለሆነባቸው፣ 300 ምልክት ለእነርሱ ሸክም አልነበረም። ሚዩል በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው ኢማክስ 20 ውስጥ ሲጠቃለል፣ የሴራ አጻጻፍና የነጥብ ፎንቶች አብረውት ሄዱ፤ ስማቸው በኤች ቲ ኤም ኤል የሚያልቅ ፋይሎች ሲከፈቱ በሴራ የተጻፈውን ወደ ፊደል የሚመልስ ትእዛዝም ነበረው። ኤች ቲ ኤም ኤል የድረ ገጽ መጻፊያ ሥርዓት ሲሆን፣ ራሱ ጥሬ ጽሑፍ ነው፤ ርእሱ የት እንደሚጀምር፣ አንቀጹ የት እንደሚያልቅ የሚናገሩት ምልክቶች በማእዘን ቅንፍ ታጥረው ከጽሑፉ ጋር ይቀመጣሉ። በዚሁ ዘመን በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኸን ሜትሲንገር ጋር ሆኖ ቴክ ለተባለው የሳይንስ መጻሕፍት ማሰናጃ የግዕዝ ፊደላትን አዘጋጅቷል፤ የእነርሱ ፊደላት ቆይቶ ፍሪፎንት በተባለው የግኑ ፎንት ውስጥ ገብተዋል።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በዚያው በ1997 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስለሆነ፣ መሣሪያውና መስመሩ በአንድ ዓመት ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል። በተግባር ግን አልተገናኙም። ኢማክስ በዋናነት የሚሠራው ዩኒክስን በመሰሉ የዩኒቨርሲቲ ማሽኖች ላይ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ያለው ዊንዶውስ ነበር፤ ትእዛዛቱም ለጸሐፊ ሳይሆን ለፕሮግራም አዋቂ የተሠሩ ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው ዩኒኮድ ነው። የዓለም ጽሕፈቶችን ሁሉ በአንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ለማስፈር የተነሣው ይህ ማኅበር በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሦስተኛ እትም ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታዎች ሰጠ፤ በ2005 እና ከዚያ በኋላ በተከታታይ በወጡት እትሞችም ለሰባት ቤት ጉራጌኛና ለሌሎችም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። የሠንጠረዡ አቀማመጥ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ እያንዳንዱ የፊደል ቤት የሚጀምረው ለስምንት ያለ ቀሪ በሚካፈል ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ አንድ ፕሮግራም የፊደሉን ቁጥር ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን በማየት ብቻ ፊደሉ ካዕብ ይሁን ኃምስ ሊያውቅ ይችላል፣ ቃላትን በቁጥራቸው መደርደርም የሀ ሁን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። «ሀ» 4608፣ «አ» 4768 ሆኑ፤ እነዚህ ቁጥሮች በማንኛውም ፎንት፣ በማንኛውም ማሽን አይለወጡም። ዩ ቲ ኤፍ 8 የተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ የላቲን ፊደልን በአንድ ባይት፣ የግዕዝን በሦስት ባይት ያስቀምጣል፤ ስለዚህ «ሰላም» 9 ባይት ሲፈጅ በቁቤ አምስት ፊደል ያለው የአፋን ኦሮሞ አቻው «ነጋ» 5 ባይት ብቻ ይፈጃል።

ቁቤ ወደዚህ ታሪክ የገባው ግን የዩኒኮድን ዘመን ሳይጠብቅ ነው። አፋን ኦሮሞ ቀድሞ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ በፊደል ነው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ መታተም የጀመረው በሪሳ ጋዜጣም እንዲሁ። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፓርላማ አዳራሽ የተሰበሰቡ የኦሮሞ ምሁራን ቋንቋው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወስኑ ምክንያታቸው የድምፅ መጥበቅና መላላት፣ የአናባቢ መርዘምና ማጠር ነበር እንጂ ኮምፒውተር አልነበረም። ውጤቱ ግን በኮምፒውተር ላይ ጎልቶ ታየ። ቁቤ ሙሉ በሙሉ በአስኪ ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ፣ በኢተያ የሚገኝ ሠራተኛ የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ ወይም ድረ ገጽ ሊጽፍ ቢፈልግ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ኖትፓድ ይበቃዋል፤ አንዳች የሚገዛም የሚገለበጥም ፎንት የለም። ያው ሰው በዚያው ሰዓት ወደ አማርኛ ሲዞር ፎንት መጫን፣ ኪቦርድ መለወጥ፣ ተቀባዩም ያው ፎንት እንዳለው ማረጋገጥ ነበረበት። ለቁቤ እንቅፋት የሚሆን ነገር ካለ ሁድሃ የተባለው፣ በቃል መካከል የሚገባው የጭረት ምልክት ነው፤ ዎርድን የመሰሉ ፕሮግራሞች እንደ ጥቅስ ቆጥረው ጠማማ ያደርጉታል፣ በቀጥተኛው የጻፈ ሰው ሲፈልገውም ቃሉ አይገኝም። ጥሬ ኤዲተር ግን ሁድሃውን እንዳለ ይተወዋል።

ለአማርኛ ድረ ገጾች ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት የመሸጋገሪያ ጊዜ ነበሩ። አንዳንዱ ጽሑፉን በሥዕል መልክ ይለጥፋል፣ አንዳንዱ «መጀመሪያ ይህን ፎንት ያውርዱ» ብሎ አንባቢውን ይቀበላል፤ በሁለቱም መንገድ የተጻፈውን መፈለጊያ ሞተር አያገኘውም። ዩኒኮድን የመረጡትም ቢሆኑ በኖትፓድ ሌላ ወጥመድ ይጠብቃቸው ነበር። የዚያ ዘመን ኖትፓድ ፋይልን ሲያስቀምጥ በነባሪነት የሚመርጠው ኤ ኤን ኤስ አይ የተባለውን የስምንት ቢት ሠንጠረዥ ስለነበር፣ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ «እሺ» ያለ ጸሐፊ ፋይሉን እንደገና ሲከፍት ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያገኘዋል፤ የጠፋውም አይመለስም። ዩ ቲ ኤፍ 8 ብሎ ያስቀመጠ ደግሞ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ መለያ ምልክት ይገባበታል፣ አንዳንድ ሰርቨሮችም በዚያ ምክንያት ገጹን ያበላሻሉ። ማይክሮሶፍት ይህን ያስተካከለው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው።

ዶን ሆ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የተባለው ነጻ ኤዲተር በዊንዶውስ ላይ ተመራጭ ሊሆን የቻለው በእነዚህ ቀዳዳዎች በኩል ነው፤ ፋይሉ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደተቀመጠ ከመስኮቱ ግርጌ ያሳያል፣ መለያ ምልክት የሌለው ዩ ቲ ኤፍ 8 ይሰጣል፣ የኤች ቲ ኤም ኤል ምልክቶችን በቀለም ይለያል፣ መጠኑም በፍላሽ የሚያዝ፣ በአሮጌ ማሽን ላይ የሚሮጥ ነው። ሆላንዳዊው ብራም ሞለናር በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪም ከ2001 ጀምሮ ዩ ቲ ኤፍ 8ን ቢያስተናግድም፣ በፊደልና በትእዛዝ መካከል ኪቦርድ እየለወጡ መሥራትን ስለሚጠይቅ ለአማርኛ ጸሐፊ አድካሚ ነው፤ ፈቃዱ ግን ተጠቃሚዎች በዩጋንዳ፣ በኪባሌ የሚገኙ ሕፃናትን እንዲረዱ መጠየቁ ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ምልክቱን ደብቀው ገጹን እንደ ዎርድ የሚያሳዩት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤንቪዩና ተከታዩ ኮምፖዘር፣ ለጀማሪ ቀላል ቢሆኑም ዕድሜያቸው አልረዘመም፤ ምክንያቱም የሚንከባከባቸው አልተገኘም። ነጻ ሶፍትዌር ሲመረጥ ከፈቃዱ እኩል የሚታይ ነገር ቢኖር ከጀርባው በሕይወት ያለ የሠሪዎች ማኅበር መኖሩ ነው፤ ቪምና ኢማክስ የቆዩት በዚህ ነው።

ኤዲተር ብቻውን አይጽፍም፤ ፎንትና መጻፊያ ይፈልጋል። ሰናምርምር የተባለው ፕሮጀክት ዋሽራ በሚል ስም ያሰባሰባቸው የዩኒኮድ ፎንቶች በግኑ ፈቃድ ወጡ፣ ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅትም አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት በክፍት የፎንት ፈቃድ ለቀቀ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ዊንዶውስ ቪስታን ሲያወጣ ኒያላ የተባለ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ጨመረ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ ቻለ። ለመጻፍ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኪማን በ2015 እ.ኤ.አ. በኤስ አይ ኤል እጅ ገብቶ ዋጋው ቀረ፣ ኮዱም ተከፈተ። በሊኑክስ ላይ ደግሞ ዛሬም የሚገኘው የሴራ መጻፊያ የዚያው የጹኩባ ሰዎች ቀጣይ ሥራ ነው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ግኖም የተባለውን የሊኑክስ ገጽታ በከፊል ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ትርጉሙ ግን ጽሕፈት ቤቶች ዘንድ ደርሷል ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም።

ዩኒኮድ ያልፈታው፣ ይልቁንም ያጋለጠው አንድ ነገር አለ። «ዓለም» ተብሎ የተጻፈን ጽሑፍ «አለም» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ማሽኑ ሁለቱን «አ» እንደ ሁለት ቁጥር እንጂ እንደ አንድ ድምፅ አያያቸውም። በኖትፓድ ፕላስ ፕላስም ሆነ በኢማክስ የሚገኘው፣ በቅንፍ ውስጥ የተደረደሩ ሞክሼ ፊደላትን አንዱን ወይም ሌላውን ተቀብሎ የሚፈልገው ዘዴ ለአማርኛ አርታዒ ከማንኛውም ጌጥ የሚበልጥ አገልግሎት ይሰጣል፤ አብዛኞቹ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ተጠቃሚዎች ግን መኖሩን እንኳ አያውቁም።

የቀረው ሥራ በአሮጌ ፋይሎች ላይ ነው። በአርሲም ሆነ በሌላ ቦታ ባሉ ኮምፒውተሮችና ሲዲዎች ውስጥ በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ መዝገቦችና የመጽሐፍ ረቂቆች ተቀምጠዋል፤ የየፎንቱ የቁጥር አሰጣጥ የተለያየ ስለሆነ አንዱን ለማንበብ የተሠራ መለወጫ ሌላውን አያነብም። ዳንኤል ያዕቆብ ፐርል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያዘጋጀው መለወጫ ከእነዚህ ሥርዓቶች የተወሰኑትን ወደ ዩኒኮድ ይመልሳል። ሠንጠረዡ ላልታወቀ ፎንት ግን መንገዱ የእጅ ሥራ ነው፦ ፋይሉ ከዎርድ ወደ ጥሬ ጽሑፍ ይወጣል፣ ቅጂው ለብቻው ይቀመጣል፣ ከታተመው ወረቀት ጋር እየተመሳከረ የትኛው የላቲን ምልክት ለየትኛው ፊደል እንደቆመ ይመዘገባል፣ ከዚያም በኤዲተሩ የመተኪያ ትእዛዝ፣ በሁለት ቁጥር የተወከሉት ፊደላት ቀድመው፣ በአንድ የተወከሉት ተከትለው አንድ በአንድ ይለወጣሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሁለቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው ለብቻው ተለውጦ ሁለተኛው ባዶውን ይቀራል፣ ሥራውም ከተቀመጠው ቅጂ እንደገና ይጀመራል።